ቬርሳይን ይዤ ጉና ሥር ለተዝካር

ሐሙስ ንጋት፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና ጨለማ ነው። «ደብረ ታቦር አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!» ይላል ጠሪው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ግን እኔና ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት ብቻ ነን። ይህን ውሸት የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እያወቀ ይገባል። እኔም ገባሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። አሁን አሁን በእኛ በኩል መንገደኛ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው «መንገድ አለ?» ብሎ ነው። ትናንት ነበረ፤ ከትናንት በስቲያ አልነበረም፤ ስለ ዛሬ እርግጡን የሚናገር የለም። ሾፌሩን ጠየቅኩት። ፂሙን ያጎፈረ፣ ነጠላ በአንገቱ ላይ የጠመጠመ ጎልማሳ ነው።

«አለ ይላሉ» አለኝ።

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ» አለና ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

የምሄድበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። አባታችን ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አርባቸው በወጉ አልወጣም፤ ያኔ መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው ከደጁ የማይርቅበት ሰሞን ስለነበር በጸሎትና በጥቂት ጠበል ጠዲቅ ታለፈ። ይህ ነገር ጉና ሥር የሚያርሰውን ታላቅ ወንድሜን አዳነን ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበው ከረመ። አሁን የዓመቱን ተዝካር ቅዳሜ ሊያወጣ ነው፤ ለዚያም ያሉትን ሁለት የእርሻ በሬዎች፣ ቦራንና ዳልቻን፣ ሊያርድ ቆርጧል። የነገረችኝ ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። «እታለም፣ ድረሽልኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ በምን ልናርስ ነው?» ስትል ስልኩ ተቋረጠ። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል፤ ግማሹ ምርት የዚያ ሰው ነው። አዳነ ደግሞ አራት ልጆች አሉት።

ስለዚህ በሬዎቹን ላስተርፍ እየሄድኩ ነው። የያዝኩት መሣሪያ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ነው። አትሳቁ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ቬርሳይን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «እትዬ ቬርሳይ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ራሱን በፀሐይ ያስመሰለውን ንጉሥ፣ በመስታወት የተሸፈነውን አዳራሽ፣ ሕዝቡ እየተራበ የሚፈሰውን ወይን ሳስተምር ከልቤ ነው። ይህንኑ ለአዳነ እነግረዋለሁ፤ ድግስ መንግሥትን እንኳ እንደሚበላ ሲሰማ ልቡ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ረፋድ፣ ከወረታ ወደ ላይ

ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ልንወጣ ስንል ኮት የለበሰ ሰው መጣና ሾፌሩ ጆሮውን አከክ አከክ እያደረገ «እህቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብትሆኝልኝ፤ የቢሮ ሰው ናቸው» አለኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ቬርሳይ ውስጥ በንግሥቲቱ ፊት መቀመጥ የሚችሉ ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም የተፈቀደላቸው መደገፊያ የሌላት በርጩማ ናት። ለዚያች በርጩማ ስንት ቤተሰብ ተቆራርጧል። እኔም ከዶሮዋ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሜ፣ የኮቱን ጀርባ በቅናት እያየሁ ተጓዝኩ።

የፎገራ ሜዳ ገና ሩዝ አልተዘራበትም። ጥቁሩ አፈር ተገላብጦ ይተናል፤ የመንገዱ ዳር ላይ ሽንኩርት በጆንያ፣ ቲማቲም በሳጥን ተደርድሯል። ከብቶች አስፋልቱን እንደ ራሳቸው ግቢ ይሻገራሉ። ወረታ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ መኪናችን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ተያያዘው።

ዓለም በር ሳንደርስ ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን። መታወቂያ ወጣ፤ ሻንጣ ተከፈተ፤ ዶሮዋ ሳትቀር ተገላበጠች። ከእኛ ጋር ያለ አንድ ወጣት «የት ነው የምትሄድ? ማን ጋ? ለምን?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ሲመልስ የገዛ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመ። እኔ ምንም አላጠፋሁም፤ ሆኖም መታወቂያዬን ደጋግሜ አገላብጬ አየሁት። የኮቱ ሰው ጋቢና ውስጥ የነበረው ኩራት የት እንደገባ አላውቅም፤ ኮፍያውን አውልቆ ከሁላችንም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ለቀቁን። ወጣቱ መኪናው ውስጥ ሲገባ እናትየዋ ከቋጠሮአቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡት፤ እስከ ደብረ ታቦር ያዘው እንጂ አልበላውም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ዛሬማ ደህና ናቸው» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ደብረ ታቦር ስገባ ነፋሱ ከነሻንጣዬ ሊወስደኝ ደረሰ። ባሕር ዳርን በቀጭን ሸሚዝ ለቅቄ እዚህ ጋቢ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ዞርኩ። ባጃጆቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ይሄዳሉ። ወደ ጋፋት የሚወስደውን መንገድ አየሁት፤ ጊዜ ቢኖረኝ ተማሪዎቼ መድፍ የተሠራበትን ቦታ እንዲያዩት ፎቶ አነሣ ነበር። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበረ።

ወደ ጋሳይ የሚሄድ መኪና የለም አሉኝ። «ነገ ጠዋት ይኖር ይሆናል።» በሬዎቹ የሚታረዱት ቅዳሜ ማለዳ ነው።

ያረፍኩባት ቤት ባለቤት እንጀራ በድንች ወጥ አቅርበውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ጥቁር የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«የእኔው ባለቤት ተዝካር ሲወጣ ላሟን አረድኩ» አሉ። «የምታለብ ላም።»

«አልቆጨዎትም?»

«ይቆጨኛል እንጂ። ግን ልጄ፣ ሰው እንዲያወራልሽ ብለሽ አይደለም የምትደግሺ። እንዳያወራብሽ ነው።»

ይህን ብለው ወጡን ጨመሩልኝ።

ዓርብ፣ ወደ ጉና

ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ተገኘና ከሾፌሩ አጠገብ ተጣብቄ ጋሳይ ደረስኩ። ከዚያ በእግር ነው። ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የገብስ ማሳዎቹ ለዘር ተዘጋጅተዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ በሬዎች ተጠምደው ሲያርሱ አያለሁ። እያንዳንዱን ጥማድ ባየሁ ቁጥር ቦራና ዳልቻ ትዝ ይሉኝና እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

አዳነ ደጁ ላይ ተቀበለኝ። ፂሙ ሸብቷል። ተቃቅፈን ለአባታችን አለቀስን፤ በእኛ አገር ከሐዘን በኋላ መጀመሪያ ስትገናኝ ወጉ ይኸው ነው። ከትከሻው በላይ በሬዎቹን አየኋቸው፤ ደጁ ላይ ታስረው ጭድ ይበላሉ። በሕይወት አሉ። እንባዬ መሀል ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ነው?» አልኩት።

«ሁለቱንም።»

«ለምን?»

እጄን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። ማሳው ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ያልቃል። ከታች፣ ወንዙን ተከትላ፣ እርጥበቷ ከሩቅ የምትለይ ቁራጭ መሬት አለች። በጋ በመስኖ ድንች ታበቅላለች፤ ክረምት ገብስ።

«ያቺን ታያለሽ? አባባ በሕይወት እያሉ ዐይኑን ያነሣባት የለም። አሁን አያ በላቸው ወሰኑ ወንዙ ሳይሆን ከእሷ በላይ ነው ማለት ጀምረዋል።»

አያ በላቸውን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ከወንዙ ማዶ ያሉ ባለጠጋ ናቸው፤ የቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ ጥማድ በሬ፣ ብዙ ዘመድ አላቸው። የእናታቸው ተዝካር እስከ ዛሬ ይወራል።

«ክሰሳ» አልኩት።

«የት? ወረዳው ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚውል። ይህ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቅ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ነገ እዚህ ዳስ ውስጥ ናቸው። በልተው ጠጥተው፣ የአባቱ ልጅ ነው ብለው እንዲነሡ እፈልጋለሁ። በበግ ብሸኛቸው ማን ብለው ይቆሙልኛል?»

የመጣሁት ከወንድሜ ኩራት ጋር ልሟገት ነበር፤ ያገኘሁት ፍርሃቱን ነው። ቢሆንም ያዘጋጀሁትን አልተውኩም። የማገዶው ክምር ላይ ተቀምጠን የፈረንሳዩን ንጉሥ ነገርኩት። አዳነ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ግን ወሬ መስማት ያውቅበታል።

«ጠዋት ሲነሣ ሸሚዙን የሚያቀብለው ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅ መስፍን። ማታ ሻማ የሚይዝለትም ከመኳንንቱ አንዱ ነው። ያችን ሻማ ለመያዝ ይጣሉ ነበር።»

«አገራቸውንስ ማን ይጠብቃል?»

«ማንም። ርስታቸውን ትተው እሱ ደጅ ይጠናሉ። ለልብስ፣ ለቁማር፣ ለግብዣ ያላቸውን ይጨርሳሉ። ከደጁ የቀረ ሰው ስም ሲነሣለት ንጉሡ አላየውም ይላል፤ ያ ሰው አለቀለት።»

«ያላቸውን ሲጨርሱስ?»

«ያኔ ንጉሡ ራሱ መተዳደሪያ ይቆርጥላቸዋል።»

አዳነ መሬቱን በጭራሮ እየጫረ ቆየና «ብልህ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ንጉሡ። ሰው እሱ ቤት በልቶ እሱ ቤት ካመሸ በማን ላይ ይነሣል?»

«ጋሼ፣ መጨረሻው እኮ ጥፋት ነው። ሕዝብ ተነሥቶ የንጉሥ አንገት ተቀልቷል።»

«የእሱ አንገት?»

«የእሱ አይደለም። ከእሱ በኋላ ሁለተኛ የነገሠው።»

«እሱማ በአልጋው ላይ ሞተ በይኛ» አለኝ።

ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም። ለማስፈራሪያ የነገርኩትን ለምክር ወሰደብኝ። በልቡ ንጉሡ እሱ ነው፤ ነገ ቤተ መንግሥቱ ዳሱ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበር የማየው።

የረዳችኝ ጥሩወርቅ ናት። ሁሉንም ሰምታለች፤ ስለ ንጉሥ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ፊቱ ቆመች።

«ዳልቻን ተውልኝ» አለችው። «ቦራን እረድ፤ ሁለት በግ ጨምር። ዳልቻን ከአጎቴ በሬ ጋር እናቀናጀዋለን። አጎቴም እሺ ብለዋል።»

አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ተራ በተራ ማረስ በእኛ አገር የተለመደ ነው። አዳነ ሚስቱን አየ፤ በሬውን አየ። «እሺ» አለ። ጥሩወርቅ ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ትከሻዋ ግን ሲቀልላት ከኋላ አይቻለሁ።

ዓርብ ማምሻ፣ ዳሱ ሲጣል

ደስታችን ጀንበር እስክትጠልቅ እንኳ አልቆየችም።

የመንደሩ ወንዶች ዳስ ሲጥሉ አያ በላቸው መጡ። ከኋላቸው ሰዎቻቸው ሸራ፣ ምሰሶና ትልልቅ ብረት ድስቶች ተሸክመዋል። እሳቸው ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሥራው ቆመ፤ ሁሉም ነጠላውን አስተካከለ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተሳለምኳቸው።

«አስተማሪዋ ናት? እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። መንገዱ እንዴት ነበር? አላስቸገሩሽም?» አሉኝ። የመንገዱን ነገር ከልባቸው የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ወደድኳቸው።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«አዳነ፣ ከብቱ ተሰናዳ?»

«ተሰናድቷል አያ። አንድ በሬና ሁለት በግ።»

አያ በላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። አልናቁም፤ አልሳቁም።

«ደግ። ለእኛ ለእኛማ ይበቃናል። ብቻ አባትህ አገር ያስታረቁ ሰው ነበሩ፤ ከማዶም ከወዲህም ሰው ይመጣል። እንዳይጎድልብህ አንዱ በሬ ከእኔ ይሁን። ነገ በጠዋት እሰድልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥዎ! ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሰዎቹ ከየአቅጣጫው።

የአዳነን አንገት አየሁት፤ ሥሩ ተገትሯል። የአባቱ ተዝካር በሌላ ሰው በሬ ከወጣ ተዝካሩ የማን ሊባል ነው? ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ጥሩወርቅ የውኃ ጀሪካን እንደያዘች ቆማለች። እኔ ዳልቻን እንዲተው በዐይኔ ለመንኩት።

«የለም አያ» አለ። «የአባቴን ተዝካር በራሴ ከብት ነው የማወጣ። ሁለቱም ይታረዳሉ።»

«እንደ ወደድህ» አሉ አያ በላቸው በእርጋታ። «የአባትህ ልጅ ነህ።»

ጥሩወርቅ ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጣ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። አላለቀሰችም፤ ዘሩን ከጎተራ አውጥታ አይጥ እንዳይነካው ወደ ሌላ ዕቃ ትገለብጥ ነበር። እኔም አብሬያት ገለበጥኩ።

ቅዳሜ

በሬዎቹ ጎሕ ሲቀድ ታረዱ። አልወጣሁም፤ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ድረስ ተከናነብኩ።

ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አድርሰው መጡ። ዳሱ ሞላ፤ ሞልቶ ፈሰሰ። ከማዶ፣ ከጋሳይ፣ ከክምር ድንጋይ ሳይቀር ሰው መጣ። ወጡ በብረት ድስት ይንተከተካል፤ ጠላው ከበርሜል ይቀዳል፤ ጥሬ ሥጋው በየመሶቡ ይቆረጣል፤ ነዳያኑ ከዳሱ ውጪ በተራ ይመገባሉ። ቢላዋና ሳቅ፣ የግዕዝ ጸሎትና የሕፃን ለቅሶ ተደባልቋል። «ነፍስ ይማር!» ሲባል ኮረብታው ይመልሳል።

በእኛ ወግ ደጋሽ በገዛ ድግሱ አይቀመጥም። አዳነ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከዳር እዳር እየዞረ «ብሉ በሞቴ፣ ጠጡ በሞቴ» ይላል። የአባታችን ቦታ ከካህናቱ አጠገብ ነበር፤ በየድግሱ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ዛሬ ባዶ ነው። ማን እንደሚቀመጥበት ማንም አስቀድሞ አላሰበም፤ ቢያንስ እኔ አላሰብኩም።

አያ በላቸው ዘግይተው ደረሱ። ዳሱ ሙሉ ብድግ አለ። እሳቸው «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ሰዉን በእጃቸው ሲያስቀምጡ፣ ሌላ ክፍት ቦታ ስላልነበረ፣ ከካህናቱ አጠገብ ተቀመጡ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ጮማ ሥጋ ራሱ ቆርጦ አቀረበላቸው። ምን ያድርግ? እንግዳው ናቸው።

አልዋሽም፤ ሥጋው ጣፈጠኝ። «የአባቱ ልጅ» ሲባል ኮራሁም። አዳነ በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱ በላብ አብርቶ «አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት። በማግስቱ የሚሆነውን እያሰብኩ ጠላዬን ተጎነጨሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳነ ሽማግሌዎቹን ለመነ፤ ወሰኗን ወርደው እንዲያዩለት። መልሱን የሰጡት አያ በላቸው ናቸው። «ትናንት ተዝካር ካወጣ ሰው ጋር ዛሬ ድንበር ልለካ? ይረፍ እንጂ። ምን አጣደፈን?» ሽማግሌዎቹ በአያ በላቸው ደግነት ተገረሙ፤ መረቁና ተበተኑ። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰምቼ አዳነም ነቅቶ እንደሚሰማው አወቅኩ። መሬቱ ለዘር ደርሷል፤ ደጁ ላይ ግን ሁለት ባዶ ካስማ ብቻ ነው ያለው።

ሰኞ

በጠዋት የጅራፍ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ የአያ በላቸው አራት ጥማድ በሬ ከነአራሾቹ ማሳችን ላይ ቆሟል። እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለአባትህ ነፍስ ብለህ በሬዎችህን ሰጠህ» አሉት ወንድሜን፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «እኛ እያለን መሬትህ ጦም አያድርም። ዛሬ ተዘርቶ ይለቅ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቋቸው። አንደኛው እንባ አወጡ። አዳነ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። እምቢ ሊል አይችልም፤ በሬ የለውም፤ ዝናቡ መጥቷል፤ አራት ልጅ አለው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ዘሩን በቁና ይዞ ወረደ። ገብሱን እየበተነ ከፊት ይሄዳል፤ አራሾቹ ከኋላ እያረሱ ያለብሱታል። ሥራው ያምር ነበር። ልጆቹ ከአፈሩ ውስጥ ሥር እየለቀሙ ይቦርቃሉ። አዳነ እስከ ወንዙ ድረስ በተነ፤ ያችንም ቁራጭ መሬት ከዳር እስከ ዳር ዘራባት።

የመጀመሪያው ጥማድ ከእርጥቧ መሬት አፋፍ ላይ ሲደርስ አራሹ በሬዎቹን አዞረ። ወንዙ ገና ታች ነው። ሁለተኛው መጣ፤ እዚያው ዞረ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ትልሙ አያ በላቸው ወሰን ነው በሚሉት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ተሠመረ። ከዚያ በታች የተበተነው ገብስ ሳይሸፈን ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ ወፎች ወረዱበት።

ሽማግሌዎቹ ከላይ ያያሉ። አያ በላቸው ከአንዱ ጋር ስለ በግ ዋጋ ይጨዋወታሉ። አዳነ ቁናውን እንደያዘ ትልሙ ጫፍ ላይ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር በሬዎቹ ተፈትተው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ የበላው ሰው ሁሉ ውለታ ቢስ ይለዋል። ያኔ ነው የገባኝ። ስንት ቀን ሙሉ ንጉሡን ወንድሜ ውስጥ ስፈልግ ነበር፤ አዳነ ግን ያለውን ሁሉ ደግሶ የጨረሰው መስፍን ነው። ንጉሡ መደቡ ላይ ተቀምጦ መተዳደሪያ እየቆረጠለት ነው። ይህን ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ፤ ዓርብ ማምሻ ሰውየው ስለ መንገዴ ሲጠይቁኝ ግን ወደድኳቸው። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ለመለየት እንኳ አልቻልኩም።

አዳነ ወፎቹን እሽ አላላቸውም። ዞረና ዳገቱን ወጣ። የቀረውን ዘር ለጥሩወርቅ ሰጣት፤ እሷም ታች ያለውን አይታ ለአራሾቹ ምሳ ልታቀርብ ገባች።

ከሰዓት ወደ ጋሳይ ተነሣሁ፤ መኪና አለ ተብሏል። አዳነ ሊሸኘኝ ወጣ። ሻንጣዬን ሊይዝ ሲል ከአያ በላቸው አራሾች አንዱ ቀደመው። «አያ ብለውኛል፤ እንግዳዋን በደህና አድርስ ብለውኛል» አለና ጫንቃው ላይ አደረገው። ሦስታችን ሄድን፤ እኛ ከፊት፣ ሰውየው ጥቂት እርምጃ ከኋላ። ለወንድሜ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ደብረ ታቦር ጠበቃ አለ ልለው፣ ገንዘብ እልካለሁ ልለው፣ ይቅርታ ልለው። ዞር ስል ሰውየው ያየኛል። ጉና ተገልጦ ነበር፤ ብርዱ ግን ባሰ።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ አዳነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመኸሩ ውቂያም በሬ እንሰጥሃለን ብለውኛል» አለ። ሲያወራኝ እኔን አያየኝም፤ ድምፁም ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። «አያ በላቸው ደግ ሰው ናቸው።»

ከኋላችን ያለው ሰው ሻንጣዬን አወረደ። ሚኒባሷ አቧራዋን እያስነሣች መጣች። የወንድሜን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል።

«አዎ» አልኩ እኔም፣ ሰውየው እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ደግ ሰው ናቸው።»